ምክንያቱ በሆላንድኛ

በደርግ ጊዜ አሰበ ተፈሪ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ለማስተርጎም ወደ ቦኬ ተላክሁ። ከሆላንድ የመጡ ሰዎች የተከሉት የውሃ ፓምፕ ሥራ በጀመረ በሳምንቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሊጠግን የመጣው መካኒክ ከሆላንድኛ በቀር አንድም ቋንቋ አይሰማም። ስለዚህ ገበሬዎቹ በኦሮምኛ ይናገራሉ፤ እኔ ለካድሬው በአማርኛ፣ ለመካኒኩ ረዳት በእንግሊዝኛ እላለሁ፤ እሷ ወደ ሆላንድኛ ትገለብጣለች። ማስነጠስ እንኳ አራት ቋንቋ ሳይዞር አያልፍም ነበር።

የሚፈለገው አንድ ነገር ነው። ፓምፑ በምን ምክንያት ቆመ? ካድሬው መልሱን ከቤቱ ይዞት መጥቷል፤ አሻጥር ነው፣ አሻጥረኛው ደግሞ የፓምፑ ዘበኛ ነው። ዘበኛው አንድ ከሲታ ሽማግሌ ናቸው። የፊጥኝ ታስረው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ስብሰባው እንዳለቀ ወደ እስር ቤት ሊወሰዱ ነው፤ ከዚያ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም።

መካኒኩ ሞተሩን ፈታታ። ጣቱን የናፍጣው ማጠራቀሚያ ውስጥ ነክሮ አወጣ፣ አሸተተ፣ ቀመሰ። ቅቤ ነበር።

የአገሩ ሰዎች አልካዱም። ውሃ ላመጣላቸው እንግዳ፣ ለፓምፑ፣ ዱአ አድርገዋል፣ እንደ ሙሽራ ቀብተውታል፣ ናፍጣ ብቻ እየጠጣ እንዴት ይኖራል ብለው ቅቤ አቅልጠው አጠጥተውታል። እኔም በእንግሊዝኛ «በምርቃት ምክንያት ቆመ» አልኩ። ረዳቷ ልጅ ግንባሯን ቋጠረች። እንግሊዝኛው ለክፉም ለደጉም ያው ነው፤ በእኛ ቋንቋ ግን የምናመሰግንበት ምክንያት ሌላ፣ የምንወቅስበት ሌላ ነው፣ የቱን ልበል አለችኝ። እኔ ምኑን አውቄው! ካድሬውን ጠየቅኩት፤ የምንወቅስበት አለ። የአገር ሽማግሌዎቹን ጠየቅኩ፤ የምናመሰግንበት ነው እንጂ ብለው ተቆጡ። መካኒኩ መሐል ቆሞ ጣቱን ይጠርጋል።

በመጨረሻ ካድሬው ቅቤ የጨመረ ይቁም ብሎ አዘዘ። ዘበኛውን ማጥመዱ ነበር። ቦኬ በሙሉ ተነሣ። የእኔ ይበልጣል፣ ያንተማ የከረመ ቅቤ ነው መባባል መጣ። አንዲት ሴትዮ የእሷ ቅቤ ሳይጠራ እንዳይቀር ሰዉን ገፍታ ካድሬው አፍንጫ ሥር ቆመች። ይህን ሁሉ ሰው የሚችል እስር ቤት በአውራጃው የለም። ዘበኛው ብቻ ከተቀመጡበት አልተነሡም።

እርስዎስ አልኳቸው። አቀረቀሩ። ጠጋ ብዬ ደግሜ ጠየቅኩ።

«ሳአ ሂንቀቡ» አሉኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ላም የለኝም ማለታቸው ነው።

በደስታ ድምፄን ከፍ አድርጌ በአማርኛ አወጅኩት፤ ላም የላቸውም፣ ስለዚህ ቅቤ አልጨመሩም! በእንግሊዝኛም ደገምኩት። ልጅቷ ለዚህኛው ምክንያት ቃል አልቸገራትም፤ ቀስ ብላ ለመካኒኩ ነገረችው። እሱም ባርኔጣውን አወለቀ። ካድሬው አገሩን ሁሉ ማሰር ቢያቅተው ሽማግሌው ይፈቱ ብሎ ወደ መኪናው ሄደ።

ገመዱን የፈታሁት እኔ ነኝ። እንኳን ደስ አለዎት ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልጨበጡኝም። በቅቤ የሚከራከረውን ጎረቤታቸውን ትንሽ ሲያዩ ቆዩና በኦሮምኛ እንዲህ አሉኝ፦

«ቢወስዱኝ ይሻለኝ ነበር። እዚያ ያሉት በቅቤ መታሰሬን ሲሰሙ ላም ያለኝ ይመስላቸው ነበር።»