የጓድ አስማማው እግር

ባለፈው ሰኔ የእህቴ ልጅ ብሩክ ለዘመድ ለቅሶ ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ ይዞኝ ወረደ። ገንዳ ውኃን አልፈን አስፋልቱ ሜዳውን እንደያዘ መሪው ላይ ያለች አንዲት ቁልፍ ነካ አደረገና ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተለጠጠ።

«አክስቴ፣ ከዚህ በኋላ እኔ የለሁበትም» አለኝ። «ፍጥነቱን እሷው ትይዘዋለች። አንቱም ይተኙ፣ እኔም ልረፍ።»

የማነበውን መጽሐፍ ከደንሁና «እግርህ የት ነው?» አልሁት።

«እግሬ?»

«አዎ፣ እግርህ።»

ቀኝ እግሩ ከወንበሩ ሥር ተሰብስቦ፣ ግራው ወደ በሩ ተዘርግቶ ነበር። ሳቀብኝ። አሮጊት መኪና ፈራች ብሎ እንደሆነ ገባኝ። እኔ ግን መኪና ፈርቼ አላውቅም። የምንቀው ሰው አለ እንጂ። ያን ሰው ካየሁት ስንት ዘመን ሆኖኛል፤ ንቀቴ ግን ዛሬም ትናንት የተጠመቀ ጠላ ያህል ትኩስ ነው።

በደርግ ጊዜ ከሽንፋ ወዲህ ባለ አንድ የእርሻ ካምፕ እንኖር ነበር። አባቴ የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርሁት እኩዮቼ ሁለተኛ ልጃቸውን በሚያዝሉበት ዕድሜ፣ በመሠረተ ትምህርት ዳስ ሥር ነው። ከዚያም ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ ስድስተኛ ክፍል ደረስሁ። የስድስተኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው መተማ ዮሐንስ ነበር። አባቴ ቁርጡን ነግሮኛል፤ «ዘንድሮ ካለፍሽ ጎንደር እህቴ ዘንድ እሰድሻለሁ። ካላለፍሽ ግን ሰው ጠይቆሻል።» ሰውየውን አውቀዋለሁ። ክፉ አልነበረም። ሲናገር ግን አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ይደግማል፤ ዕድሜ ልኬን ሦስት ሦስቴ መስማት አልፈለግሁም።

በፈተናው ዋዜማ የእርሻው ጂፕ ወደ መተማ ይሄዳል ተባለና ተፈቀደልኝ። ሹፌሩ ወባ ጥሎት ስለነበር መሪውን የያዘው የትራንስፖርት ኃላፊው ጓድ አስማማው ራሱ ነው። ጓድ አስማማው መንዳት የተማረው ከተሾመ በኋላ ነው፤ የፈተነውም ሊጥለው የማይደፍር የበታቹ ነበር። ካኪው ሁልጊዜ እንደተተኮሰ፣ ጫማው ሁልጊዜ እንደተወለወለ ነው። በዚያ አዋራ አገር ጫማው የሚያበራ ሰው ካየህ የሚሠራለት ሌላ ሰው አለ ማለት ነው።

ከኋላ የካምፑ ወጥ ሠሪ እትዬ ዘርፌ ሽንኩርትና የደረቀ ባምያ ልትገዛ ባዶ ጆንያዋን አንጥፋ ተቀምጣለች። እኔ ከፊት ነበርሁ።

«አንቺ ደግሞ» አለኝ ጓድ አስማማው ገና ከካምፑ ሳንወጣ፣ «ዕድሜሽ የአስተማሪ፣ ክፍልሽ የልጅ። ፈታኙ ማናት ብሎ ግራ እንዳይገባው።»

እትዬ ዘርፌ ከኋላ «የዘገየ ዝናብም እህል ያበቅላል፣ ጓድ ኃላፊ» አለችልኝ።

የዚያ አገር መንገድ ዋልካ ነው። በበጋ መሬቱ እግር የሚሰብር ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ሣሩ ሰው ይውጣል፤ ስለዚህ እግረኛው ሁሉ መኪና በደለደለው መስመር ላይ ነው የሚሄደው። ሳሉግ የምንላቸው ለምንጣሮና ለአረም ከደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች መጥረቢያና ስንቃቸውን ተሸክመው ተሰልፈው ይጓዛሉ። መኪና ከኋላ ሲመጣ ማንም ወዲያው አይዞርም፤ ያዳምጣል። ሹፌሩ እግረኛውን ሲያይ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ያነሣል፣ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ይላል። ያ «አይቼሃለሁ» ማለት ነው። እግረኛውም ሳይጣደፍ ከመስመሩ ይወጣና ዱላውን ከፍ ያደርጋል፤ ያ ደግሞ «ሰምቼሃለሁ» ማለት ነው። ይህን ሕግ ያወጣ መንግሥት የለም፤ ሰው ግን ከመንግሥት ሕግ ይልቅ ይጠብቀው ነበር።

ጂፗ ከመሪው ሥር አንዲት ጥቁር እንቡጥ ነበረቻት። ሲስቧት ነዳጅ መስጫውን በያዘው ልክ ታስቀረዋለች። የተሠራችው መኪናዋ በቆመችበት ሞተሯ የውኃ ፓምፕ እንዲያዞር ነው። ሹፌሩ ሲስባት ያየሁት ከወንዝ ዳር ብቻ ነው። ጓድ አስማማው ግን መንገዱ ቀጥ እንዳለ እንቡጧን ሳበ፣ ጫማውን አወለቀና ሁለት እግሮቹን ወንበሩ ላይ አጣጠፈ። መሪውን በጉልበቱ ደገፈ። ከደረት ኪሱ ኦቾሎኒ አውጥቶ በሁለት እጁ እየፈለፈለ ይበላ ጀመር።

«ቴክኒክ ይሉሻል ይህ ነው» አለኝ። «እግር ድሮ ቀረ።»

«እግርዎን ምን ነካዎት፣ ጓድ አስማማው?» አለች እትዬ ዘርፌ። «ሙጃሌ ነው?»

«መኪናዋ ራሷ ታውቃለች፣ ዘርፌ። አንቺ ስለ ወጥሽ አስቢ።»

«ወጤን እንኳ ጥጄ ዞር አልልም።»

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጓድ አስማማው አልደከመውም ነበር። ከካምፑ ከወጣን አንድ ጉብታ ነው ያለፍነው። አንዳንድ ሰው ሥልጣን ሲይዝ የመጀመሪያ ምኞቱ መሥራት ሳይሆን ከሥራ ላይ አንድ የአካሉን ክፍል ማንሣት ነው። ዛሬ እግሩን፣ ነገ ዓይኑን።

በምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፤ የራሰ አፈር ሽታ ከዝናቡ ቀድሞ ደረሰን። ቀጥሎ ትልልቅ ጠብታዎች መስተዋቱን መቱት። ዋልካ ሲደርቅ ብረት ነው፣ ሲጨቀይ ማጥ ነው፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን የመጀመሪያው ካፊያ ነው። ላዩ ብቻ ይርስና ሳሙና ይሆናል። ልጅ እንኳ ያን ጊዜ ቀስ ብሎ ይረግጣል። እንቡጧ ግን ዝናብ አታይም። በደረቁ የያዘችውን ፍጥነት በርጥቡም ይዛ ቀጠለች። ጂፗ ኋላዋ ወዲያና ወዲህ መዋለል ጀመረ።

«ጓድ አስማማው፣ ሰዎች አሉ» አልሁ።

ከፊታችን ሳሉጎች ተሰልፈው ይሄዳሉ። ጀርባቸውን አያለሁ። እያዳመጡ እንደሆነም አውቃለሁ፤ እኔም አብሬ አዳመጥሁ። ድምፁ አልቀነሰም።

ጓድ አስማማው ኦቾሎኒውን በትኖ መሪውን ያዘ። እግሩን ካጣጠፈበት ሲፈታ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተጋጨ። በካልሲው ፍሬኑን ፈለገ፣ አገኘውና በሙሉ ኃይሉ ረገጠው። እንቡጧ እንደተሳበች ስለነበረች ሞተሩ ወደፊት ይገፋል፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ መሬቱ ያንሸራትታል። ሳሉጎቹ ግራና ቀኝ ተበተኑ። ጂፗ በጎኗ ተንሸራታ ዞረችና ክረምት ብቻ ውኃ ከሚወርድበት ሆር ውስጥ በአፍንጫዋ ተተከለች።

ሰው አልሞተም። ከሰልፉ መጨረሻ የነበረው ጎልማሳ እሾህ ውስጥ ዘሎ ነው የተረፈው፤ በሶ የያዘች ስልቻው ከጎማው ሥር ፈንድታለች። ከእሾሁ ወጥቶ ልብሱን እያራገፈ ወደ መስኮቱ መጣ። አነጋገሩ የጎጃም ነው።

«ጌታው» አለ፣ «ይች መኪና ብቻዋን ነው የመጣች?»

«ጌታ የሚባል የለም» አለ ጓድ አስማማው። «ጓድ ነው የሚባለው። ደግሞስ ሰው መኖሩን አታይም?»

«አሁን አየሁዎ። እኛማ ድምጧን ነው የምናዳምጥ። ድምጧ አልቀንስ ሲለኝ ይችስ ነጂ የላትም ብየ ዘለልሁ።»

እትዬ ዘርፌ ግንባሯ ላይ እባጭ አውጥታለች፤ እንዲያም ሆና ሳቀች።

ቀጥሎ ጓድ አስማማው ሊገድላቸው የነበሩትን ሰዎች እንዲገፉለት አዘዘ። እነሱም የድሃ ነገር ሆኖ ገፉ። ጎማው በሙሉ ፍጥነት ይሽከረከርና ጭቃውን ፊታቸው ላይ ይረጫል። «ጠንክሩ» ይላል እሱ ካልሲውን እያየ። እጄን ወደ መሪው ሥር ሰድጄ እንቡጧን ወደ ውስጥ ገፋኋት። የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለ። በጓድ አስማማው ፊት ላይ ያየሁት እፍረት አልነበረም፤ ሳይጠየቅ ዕቃው የተነካበት ሰው ቅሬታ ነበር።

ጂፗ አልወጣችም። ዝናቡ መንገዱን ዘጋው። ሳሉጎቹ ዳሳቸው ውስጥ አሳደሩን፤ ሲነጋ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ከሚውጠኝ ጭቃ እግሬን እየነቀልሁ፣ መተማ ዮሐንስ ስደርስ የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቶ ነበር። ዘበኛው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«ልጅሽን ልታይ ነው፣ እህቴ?»

«ተፈታኝ ነኝ።»

«ከተጀመረ ቆየ» አለ፤ በእውነት አዝኖ። «ከጀመሩ በኋላ አታስገባ ተብያለሁ።»

በመስኮቱ ጎንበስ ጎንበስ ያሉ ትንንሽ ራሶች አየሁ። ከዚያ ዞርሁ።

ጓድ አስማማው በእርሻው ስብሰባ ላይ ሂስ አቀረበ፤ በሳሉጎቹ ላይ። የልማት መንገድ ዘግተው ተገኙ አለ። ግለሂስም አደረገ፤ ጥፋቱ ለሥራ ያለው ፍቅር መብዛቱ ነው አለ። ተጨበጨበለት። ስለ እንቡጧም ስለ እግሩም አንድ ቃል አልወጣውም፤ ስለ እኔ ፈተናማ ጭራሽ አላሰበም። እኔ የጠየቀኝን ሰው ዓመቱን ሙሉ በእምቢታ አቆየሁት፤ አባቴ ኮሰኮሰኝ እንጂ አላስገደደኝም። ሰውየው በጥር ሌላ አገባ። በዓመቱ ወደ ፈተናው በእግሬ፣ ቀደም ብዬ ሄድሁ፤ አለፍሁም። ከዚያ በኋላ የተማርሁትን ሁሉ የተማርሁት አንድ ዓመት ዘግይቼ ነው። ያ ሰው እግሩን ለማሳረፍ የወሰደው ከእኔ ዕድሜ ነው።

ይህን ሁሉ ለብሩክ አልነገርሁትም። የነገርሁት ጥቂት ነው፤ መንገዱ ደረቅ፣ ቀጥ ያለና ባዶ ሲሆን ከቁልፍህ ጋር ጠብ የለኝም፤ ግን እግርህ ከፍሬኑ አጠገብ፣ ዓይንህ መንገዱ ላይ ይሁን፤ ዝናብ፣ ቁልቁለት፣ ከብት ወይም ሰው ካየህ አጥፋት አልሁት። «አክስቴ፣ ይህች እኮ የድሮዋ አይደለችም» አለኝ። እኔም ነጂው የድሮው እንዳይሆን ነው የፈራሁት አልሁት።

ቅር እያለው እግሩን መለሰ። ብዙም ሳንሄድ ካፊያ ጀመረ። ከፊታችን ላስቲክ የለበሱ ሳሉጎች በአስፋልቱ ጠርዝ ተሰልፈው ይሄዳሉ። ብሩክ ሳልነግረው ፍሬኑን ነካ አደረገ፤ ቁልፏ ፍጥነቱን ለቀቀች፣ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለ።

ከሰልፉ መጨረሻ የነበረው ሽማግሌ ዞሮ አላየንም። ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ፣ ጉዞውን ሳያቋርጥ፣ ዱላውን ከፍ አደረገ።