ዋሴን የጠረጠርኩበት ጊዜ

ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የቆምኩት ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው። ቀስ ብዬ ስለምናገር ታገሱኝ። አንዳንድ ቃል ላይ ስቆም ደግሞ እባካችሁ አትጨርሱልኝ፤ ራሴ አገኘዋለሁ። ስሙ ይባረክ።

ይመር እባላለሁ። የሐይቅ ከተማ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነኝ። እንጀራዬ በአፌ ነው። "ውጫሌ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ" እያልኩ ተሳፋሪ እጠራለሁ፤ መኪናው ሲሞላ "ሞልቷል" ብዬ በሩን እመታለሁ። መናኸሪያ ደግሞ ሰውን መጠርጠር ያስተምራል። አሮጌ ጃኬት ወንበር ላይ ጥሎ "መጣሁ" ብሎ የሚጠፋ አለ፤ ሳይታመም "ታምሜአለሁ" ብሎ ከፊት የሚቀመጥ አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት ለእኔ እንደ ዳዊት ነበር። ባለቤቴ ትርንጎ እንኳ ወጥ አጣፍጣ ስታቀርብ፣ "ዛሬ ምን ልትጠይቂኝ ነው?" እላት ነበር።

ለውጥ መጣ የተባለ ጊዜ መናኸሪያው ውስጥ ተቃቅፈናል። ብዙም አልቆየም። ሰው ሰውን በአነጋገሩ መለየት ጀመረ። አንድ ተሳፋሪ ቃል ወዲያ ወዲህ ሲያደርግ ጆሮ ሁሉ ይቆማል። የእኔም ይቆም ነበር።

ጦርነቱ ወደኛ ሲቀርብ ከትርንጎ ጋር ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወዲያ ሸሸን። ተፈናቃይ ባረፈበት አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ጠዋት ስነሳ ቀኝ እጄ የእኔ አልሆነም። ትርንጎን ልጠራት አፌን ስከፍት "ሞልቷል" የሚል ቃል ወጣ። ደግሜ ሞከርኩ። "ሞልቷል።" የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን አቆመች።

እዚያ የነበረው ሐኪም ግፊት እንደነበረብኝ፣ አሁን የመታኝም ስትሮክ መሆኑን ነገራት። ወገኖቼ፣ የሚሉኝን ሁሉ እሰማለሁ፣ ሁሉም ይገባኛል፤ የምናገረው ግን ያችን አንዲት ቃል ብቻ ነው።

ሐይቅ ተረጋጋ ሲባል ከሌሎች ተመላሾች ጋር ጉዞ ጀመርን። መታወቂያዬ በሽሽቱ ጠፍቷል። ከደሴ ወጣ ብሎ ካለ ኬላ ስንደርስ ጠመንጃ የያዙ ወጣቶች ሁላችንንም ከመኪና አወረዱን።

"ከየት ነህ?" አለኝ አንዱ።

"ሞልቷል።"

"ስምህ ማነው?"

"ሞልቷል።"

ተያዩ። "ምኑ ነው የሞላው?" አለ ሌላው፣ ጠመንጃውን ከትከሻው እያወረደ።

የተላከበት ምልክት ነው ተባባሉ። አነጋገሩ እንዳይታወቅበት ነው አሉ። ትርንጎ ባሌ ነው፣ ታሞ ነው ብላ ብትለምን እሷንም ጠረጠሯት። አልፈርድባቸውም፤ በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም እንዲያው ነበር የማደርገው። እጄን ወደ ኋላ አስረው ከመንገዱ ዳር ወዳለው ገደል ሲነዱኝ፣ ከተመላሾቹ መካከል አንዲት ሴት ብቅ አሉ።

እትዬ በላይነሽ ነበሩ። እናንተ ታውቋቸዋላችሁ። እኔ የማውቃቸው በአሳ ነጋዴነታቸው ነው። ከሐይቁ ዳር አሳ ገዝተው ደሴ ይወስዱ ነበር፤ ይሸታል እያልኩ ቅርጫታቸውን ከሚኒባስ አስወርደው ነበር። ከዚያ ያለፈ ሰላምታ እንኳ አልነበረንም።

"ይሄ የመናኸሪያው ይመር ነው" አሏቸው። "ታሟል። ዋሱ እኔ ነኝ።"

ወጣቱ፣ ነገር ከተገኘበት የሚያዙት እርስዎ ነዎት አላቸው።

"እሺ፣ ልያዝ" ብለው ከጎኔ አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ። አለቃቸው መጥቶ ጠያይቆ እስኪለቀን ድረስ አልተነሱም።

ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ በልቤ አመሰገንኩ ብላችሁ ታስባላችሁ? እኔ ያሰብኩት፣ ይቺ ሴት ምን ፈልጋ ነው? ብዬ ነው። ያለ ምክንያት ዋስ የሚሆን ሰው የለም።

ሐይቅ ከገባን በኋላ እትዬ በላይነሽ ቤታችን ይመላለሱ ጀመር። ጎረቤት ለትርንጎ፣ ሴትዮዋ ጴንጤ ናቸው፣ ባልሽን ሊወስዱት ነው አላት። ምክንያቱ ይኸው ተገኘ አልኩ በልቤ። ትርንጎ ግን ጠበል ወስዳኝ፣ ተስላልኝ፣ መላ ስታጣ አንድ እሑድ ወደዚህ ጉባኤ አመጣችኝ። እንግዳ አገልጋይ መጥቶ ነበር። እጁን ጭንቅላቴ ላይ ጭኖ "ተናገር" አለኝ።

እኔም "ሞልቷል" አልኩ።

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። በመንፈስ የሞላሁ መስሏችሁ ነው። አንዳንዶቻችሁ ያን ቀን እዚህ ነበራችሁ፤ አጨብጭባችኋል። አልቀየምኳችሁም። ያን ጊዜ ግን እንደ ሌባ ነበር ያየኋችሁ። ለወሬ የሚሆን የተፈወሰ ሰው ፈልገው ነው ብዬ ደግሜ ላልመጣ ማልኩ።

በማግስቱ እትዬ በላይነሽ መጡ። "ትናንት አልተፈወስክም" አሉኝ። "ሰው ሲያጨበጭብ እኔ አፈርኩ። ጌታ አልዘገየም፤ እኛ ነን የቸኮልነው።"

 እውነት ሲናገሩ እንኳ ምን አስበው ነው አሰኘኝ።

በኋላ ትርንጎ ደሴ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሟ አፌ እንዳልታመመ፣ ቃል የሚመጣበት የአንጎል መንገድ እንደተጎዳ፣ በልምምድ ሌላ መንገድ ሊከፈት እንደሚችል አስረዳችን። መናገር ያቃተው አንዳንድ ሰው በዜማ ሲሆን ቃል ይወጣለታል አለች። ብዙ ጊዜ ይፈጃል፣ ጨርሶ ላይመለስም ይችላል አለች። እሷንም ጠረጠርኳት፤ መድኃኒት ሲያጡ ዝፈን ይላሉ ብዬ።

ትርንጎ ይህን ለእትዬ በላይነሽ ነገረቻቸው። እሳቸው የአምባሰል ልጅ ናቸው። ዘፈን ትተዋል፤ ዜማው ግን ከአንጀታቸው አልወጣም። በረንዳችን ላይ አሳቸውን ሲያጸዱ ይቆዩና ቢላዋውን አስቀምጠው፣ ግራ እጄን ይዘው፣ ጉልበቴ ላይ ምት እየመቱ በአምባሰል ዜማ "ውሃ ስጭኝ" ይላሉ። ቆይተው ደግሞ "ስሜ ይመር ነው" ይላሉ።

መጀመሪያ ማንጎራጎር ብቻ ነበር። አንድ ቀን ከዜማው ጋር "ውሃ" የሚል ቃል ወጣ። ትርንጎ ጣሳ ይዛ ሮጠች፤ ግማሹ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ጌታ ይመስገን። በማግስቱ ግን ቃሉ የለም።

ወጣቶች፣ ይህን ስሙኝ። ስለ ስኬት የሚያስተምሯችሁ ሰዎች ነገሩን ደረጃ እንደ መውጣት አድርገው ይነግሯችኋል። የእኔ እንዲያ አልነበረም። ትናንት የያዝኩትን ዛሬ አጣዋለሁ። ለእኔ ልምምድ ማለት ትናንት የቻልኩት ነገር ዛሬ አቅቶኝ ማፈር፣ ነገም እዚያው በረንዳ ላይ መቀመጥ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የተኛሁበት ቀን ብዙ ነው። አንዴ የአሳውን ሳህን በእግሬ መትቼ ደፋሁት። እትዬ በላይነሽ አሳውን ለቃቅመው፣ አጥበው፣ እንደገና "ስሜ" አሉ። አለመቆጣታቸው ጥርጣሬዬን አባሰው።

አንድ ነገር አልደብቃችሁም። በልምምዱ ያጸናኝ እምነት አልነበረም፤ ያው ጥርጣሬዬ ነው። ልጠይቃቸው የምፈልገው ጥያቄ ነበረኝ። ትርንጎ ገበያ ስትሄድ በሩን ዘግቼ፣ ብቻዬን፣ ቃል በቃል እለማመደው ነበር። ጌታ በዚያም ይሠራ ነበር፤ ስሙ ይባረክ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳቸው ሊጀምሩ ሲሉ እጄን ከእጃቸው አወጣሁ። ያለ ዜማ ነው የተናገርኩት።

"ምን… ፈልገው… ነው?"

ትርንጎ ከውስጥ ሰምታ እቃ ጣለች። እትዬ በላይነሽ ደስ አላቸው፤ ከዚያ ጥያቄው ገባቸውና እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

"ልጄ ዘምቶ ነበር" አሉ። "ሞተ የሚለኝም፣ አለ የሚለኝም አጣሁ። ኬላው ላይ ሲያስሩህ፣ የእኔንም ልጅ አንድ ቦታ እንዲህ አስረውት እንደሆነ፣ አውቀዋለሁ የሚልለት ሰው ያገኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ቤቴ ደግሞ የሚያናግረኝ ሰው የለም። ሌላ ነገር አልፈልግም።"

ፊታቸውን አየሁ። ፊት ማንበብ ሥራዬ ነው። የተደበቀ ነገር ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ።

ከዚያ በፊት ስለ ኢየሱስ ሲነግሩኝ፣ መዳን በነጻ ነው ሲሉኝ፣ መናኸሪያ ውስጥ በነጻ የሚባል ነገር ወጥመድ ነው እያልኩ አልፈው ነበር። ያን ቀን ግን ለእኔ ብሎ ተይዞ የታሰረው፣ ዋሴ የሆነው ጌታ ገባኝ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ተንበረከክሁ። ጸሎት የሚሆን ቃል አልነበረኝም። ያለኝን በዜማ አልኩት፤ "ስሜ ይመር ነው"። ሌላ አልጨመርኩም። እሱ ግን ሰማኝ። ሃሌሉያ።

ዛሬ መናኸሪያ ተመልሻለሁ። ውጫሌን በዜማ ነው የምጠራት፤ ተሳፋሪው ይስቃል፣ ዜማው ሲያልቅ ይሳፈራል። ትርንጎ ይህን እምነት ለመቀበል ገና አልወሰነችም። ያቻትላችሁ ከኋላ ተቀምጣ እየጠረጠረች ትሰማኛለች፤ አላስቸኩላትም።

የእትዬ በላይነሽ ልጅ አልመጣም። ይህን ሳልናገር ብወርድ ምስክርነቴ ውሸት ይሆናል። አንዳንድ ጠዋት ለጸሎት ይንበረከኩና ቃል ያጥራቸዋል። ያኔ እኔ ቀስ ብዬ፣ እየተንተባተብኩ፣ ስለ ልጃቸው እጸልያለሁ። እሳቸው አሜን ይላሉ።

እዚህ መካከል የምትጠራጠር ካለህ፣ ጥርጣሬህን ጨርሰህ ና አልልህም። ይዘኸው ና። ጌታ ብትጠይቀው አይቆጣም።

አሁን ስለዚያ ልጅ አብረን እንድንጸልይ እፈልጋለሁ። ስሙ ከሁሉ ቃል የሚያስቸግረኝ ነው፤ ገና እየተለማመድኩት ነው። ጌ… ጌታ… ጌታሁን።

ተነሱ፣ አብረን እንጥራው።