ወደ ሸለቆው የዞረው አንቴና

በቴሌ ሥራዬ መቱ ከተማ ለሥልጠና እስክጠራ ድረስ የሞባይል ኔትወርክ ፕላን ማለት ካርታ ላይ ክብ ማስመር ይመስለኝ ነበር። የአንቴና ማማ ታቆማለህ፣ ዙሪያውን ታከባለህ፣ አለቀ። አሠልጣኛችን ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ፤ ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ። ዝቅ ያለው ፍሪኩዌንሲ ሩቅ ይሄዳል፣ የሚሸከመው ግን ጥቂት ነው፤ ከፍ ያለው ብዙ ይሸከማል፣ ተራራና ቅጠል ግን ቶሎ ያደክመዋል አሉን። ድምፅ በትንሹ ይብቃቃል፣ ምስል ሆዳም ነው።

ሌሎቹ ይጽፋሉ፣ እኔ ስለ እናቴ ቤት አስባለሁ። እኛ ልጆቿ ሀርሜ እያልን የምንጠራት እናቴ የምትኖረው ከያዮ ወረድ ብሎ፣ ሸለቆ ውስጥ ባለ የቡና ጫካ ነው። ታናሽ እህቴ መስማት የተሳናት ናት። የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ሩቅ ከተማ ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ላክናት። "ብይ"፣ "ነይ"፣ "ተኚ" የምንልባቸው የቤት ምልክቶች ነበሩን፤ "ተምረሽ ትመለሻለሽ" የሚል ምልክት ግን ከየት ይምጣ? ልጅቷ ያየችው እናቷ ጓዟን ለማታውቃት ሴት ስትሰጥና አውቶቡሱ ሲነሳ ነው። ከዚያ ወዲያ ለእረፍት ስትመጣ ሀርሜን ቀና ብላ አታያትም። ሥልጠናው በነበረበት ክረምት ደግሞ ጭራሽ አልመጣም ብላ ቀረች።

በጽሑፍ ስጠይቃት "ደህና ነኝ" ብቻ ነበር መልሷ። ሀርሜ ማንበብ አትችልም፣ ብትችልም ፊደል አይበቃትም ነበር።

"የኔን ነገር በእጄ ካልነገርኳት አይገባትም። ፊቴን ትየው" አለችኝ።

ሥልጠናው መሃል ላይ አንድ ቅዳሜ ወረድኩና በምስል መደወልን ሞከርን። ዋናው መንገድ ዳር ካለው ማማ ቤታችን ድረስ የሚደርስ ትንሽ ኔትወርክ አላጣንም። እህቴ ስልኩ ላይ ብቅ ስትል ሀርሜ አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት በጣቷ ዳሰሰች፤ በቤታችን ምልክት "እናት" ማለት ነው። እህቴ ግን እንደ እንግዳ ሰው ወዲያ ወዲህ እያየች ጠበቀች፣ ትከሻዋን ነቀነቀችና ዘጋችው። ኋላ እንደገባኝ፣ እኛ እናያት ነበር እንጂ እሷ ጋ የደረሰው ጥቁር መስኮት ብቻ ነው። ሀርሜ ይህን አላወቀችም። ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ "አየሽ፣ ፊቴን ጠልታዋለች" አለች።

ሰኞ አሠልጣኛችንን ጠየቅኋቸው። ማማ ብርቱ ነው፣ ስልክ ደካማ ነው አሉኝ። ማማው የላከው ቤት ሲገባ ስልኩ የመለሰው መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ፕላን የሚሠራ ሰው የሁለቱንም ጉዞ ያሰላል፣ አስቀድሞ ግን የደካማውን። ወዲያው ለሀርሜ ደወልኩና ልጅሽ አልጠላችሽም፣ ምስልሽን ተራራና ቅጠል ውጦት ነው አልኳት። አፌን በቆረጠው! በማግስቱ ጎረቤት ጠርታ ደጃፋችን ላይ ያለውን ዋንዛ ቅርንጫፉን አስገፈፈችው። የቡናችን ጥላ እኮ እሱ ነው፤ በኛ አገር ጤነኛ ሰው የቡና ጥላ አይነካም። ሰፈሩ ለኔትወርክ ብላ ቡናዋን ለፀሐይ ሰጠች እያለ ሳቀባት። እኔም ሄጄ ተቆጣሁ፣ ያውም ከልቤ። ችግሩ ዋንዛው ሳይሆን ከበስተኋላው ያለው ጉብታ ነበር። እሷ ግን ዋንዛ መልሶ ያቆጠቁጣል ብላ ቡናዋን መኮትኮቷን ቀጠለች።

ለመጨረሻው ሥራ እያንዳንዳችን አንድ ቦታ መርጠን ፕላን እንድንሠራ ስንታዘዝ እኔ ሸለቋችንን ያዝኩ። የአካባቢው የኔትወርክ ሽፋን የተለካው በመኪና ስለነበር ካርታው መንገዱን ተከትሎ አረንጓዴ፣ ማለትም ጥሩ ነው። አንቴናዎቹም ሁሉ መንገዱን ነው የሚያዩት። አንዱን በጉብታው ጎን ወደ ሸለቆው አዙረን ወደ ታች እናዘንብለው፣ ያኔ ደካማውን የስልክ ሞገድም ይቀበላል ብዬ አቀረብኩ። አሠልጣኛችን መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

"ለእናትሽ ብለሽ ነው?"

"አዎ ጋሼ። ግን ቡና ለቀማ ሲደርስ መንገዱ ላይ የሚቀር ሰው የለም፤ ሁሉም እዚያ ታች ነው።"

ሄደው ራሳቸው አዩት። ከዚያም ሐሳቡን ለሚመለከታቸው አስተላለፉ። ክረምቱ ሲያልፍ ቴክኒሺያኖች መጥተው አንቴናውን አዞሩት። ያን ቀን ማማው ሥር ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ለእህቴ በምስል ደወልንላት። ስልኩን በርሜል ላይ አስደገፍኩት፤ በእጅ ለሚያወራ ሰው ሁለቱም እጅ ያስፈልጋል። ሀርሜ ንቅሳቷን ዳሰሰች። የእህቴ ዓይን ፈጠጠ። አየቻት። ከዚያ ወዲያውኑ፣ በቤታችን ምልክት፣ ወደ ራሷ ጠቆመችና ባዶ መዳፏን ወደ ፊት ዘረጋች። ለምን ሰጠሽኝ ማለቷ ነው።

ሀርሜ ተነሳች። ነጠላዋን ጠቅልላ ጓዝ አስመሰለችና ለእኔ ሰጠችኝ፣ ወደ በሩም ገፋችኝ። ከዚያ ከኋላዬ መሮጥ ጀመረች። በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ጉልበቷ ሮጠች። በሩ ጋ ስትደርስ ወደቀች፣ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ፀሐይ ከዚህ ወደዚያ ስትሄድ በጣቷ አሳየች፤ እስኪመሽ እዚያው ዋልኩ ማለቷ ነው። አውቶቡሱ ሲሄድ ያደረገችውን ነው። እኔ አብሬያት ስለነበርኩ አውቀዋለሁ። እህቴ ግን አውቶቡሱ ውስጥ ፊቷን አዙራ ነበር።

ምስሉ አልተቆረጠም። እህቴ አፏ ላይ የጫነቻቸውን ሁለት እጆቿን አነሳችና አንድ ነገር በምልክት ተናገረች፤ የቤታችን ሳይሆን የትምህርት ቤቷ ምልክት ነበር። እኔ እሷ ለእረፍት በመጣች ቁጥር ከዚህ ምልክት ጥቂት ጥቂት ለቅሜያለሁ። ሀርሜ ከመሬት ሳትነሳ ወደኔ ዞረች።

"ምን አለች?"

"አላየሁሽም ነበር ነው የምትልሽ፣ ሀርሜ።"