ጭልፋ የማያስነኩት አሮጊት

ሄልካ ለመንደሩ አዲስ ናት፤ የአሮጊቷን ስም አታውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የመንደሩ ሴቶች በእንፋሎት በሚታጠቡበት ሳውና ጭልፋውን ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካም። ከላይኛው አግዳሚ ሆነው የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ሲያፈሱ እንፋሎቱ ጆሮ ይለበልባል።

ዛሬ ሄልካ የገፋ ሆዷን ይዛ ስትገባ ጭልፋውን አስቀመጡ። ወርደው ታችኛው አግዳሚ ላይ አስቀመጧትና ያበጡ እግሮቿን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ባልዲ ነከሩላት።

«ኧረ እማማ፣ በረደን እኮ» አለች ከላይ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ።

«ካፖርትሽን ደርቢያ።»

ሄልካ ሳቀች። «ይሄን ሁሉ ከየት ተማሩት?»

«ድሮ ሴቶች እዚሁ ሳውና ውስጥ ሲወልዱ እያየሁ። እኔ ራሴም የተወለድኩት እዚሁ ነው፤ አሁን አንቺ የተቀመጥሽበት ላይ።»

«እናትዎስ በደህና ተገላገሉ?»

አሮጊቷ ከባልዲው በጭልፋ ቀድተው ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀስ አድርገው አፈሰሱ።

«አንቺስ በደህና ትገላገያለሽ» አሉ።