ንጹሑን ለእኔ፣ ቆሻሻውን ለእሱ

ሙሉቀን የሟች ልጄን የእጅ ሥዕሎች አታልሎ ወስዶብኛል። የወሰደብኝም በለቅሶ ሰሞን ነው። ሰው "ተወው፣ እርሳው" ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ስለዚህ ጻፍሁት። መጻፍ የተማርሁት በስተርጅና ስለሆነ አካሄዴ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ።

እኔ ከመካነ ብርሃን የወረድሁ ገበሬ ነኝ። አሁን የምኖረው ከጎንደር አጠገብ ፀዳ ነው። ልጄ ይርጋ ጎንደር ከተማ ከጓደኛው ከስንታየሁ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይሥል ነበር። ለእንጀራው ለቱሪስት በፍየል ቆዳ ላይ ይሥላል። ልቡ ግን ወጣቶቹ ኮሚክ በሚሉት ላይ ነበር። ገጹ በሣጥን በሣጥን ይከፈላል፤ ታሪኩ በሥዕል ይሄዳል፤ ሰዎቹ የሚናገሩት ከአፋቸው አጠገብ በክብ ውስጥ ይጻፋል። አንዳንዱ አዲስ አበባ መጽሔት ላይ ወጥቶለታል።

ቅዳሜ ገበያ ስወጣ እሱ ዘንድ ጎራ እላለሁ። "አባዬ፣ እስቲ እንዲያው እንዳለህ ቁም" ይለኛል። ለካ በቅሎ ነጂ አድርጎ እየሣለኝ ነው።

"ምነው፣ ሌላ ሰው አጣህ?"

"እንዳንተ የሚኮሳተር ከየት ላምጣ!" ብሎ ይሥቃል።

ያኔ ያንን ወረቀት የሚፈልገው ሰው አልነበረም። መጽሔቱ ከወጣ በኋላ ስንታየሁ ብሩሹን ይጠርግበት ነበር።

ይርጋ ኩላሊቱን ታመመ። ክረምቱ ሳይወጣ ቀበርሁት። የተረፉትን ወረቀቶች ሰብስቤ ቤቴ አስገባሁ።

ሙሉቀን ጎረቤቴ ነው። ፒያሳ መስቀልና ሥዕል የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ድንኳን አብሮ የተከለ፣ ንፍሮ ያዞረ ሰው ነው። ወረቀቶቹን አገላብጦ አየና "አያ ደሴ፣ ይህ እኮ ይበላሽብዎታል፤ ወስጄ ኮፒ ላስደርግልዎ" አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ሰጠሁት።

አርባው በወጣ ማግሥት በላስቲክ የተጠረዘ ነጭ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ሸጋ ነበር። የልጄ ወረቀት የጣት አሻራና የእርሳስ ጭረት ነበረበት፤ የሳተውን በነጭ ቀለም የደፈነበት ቦታም ነበረው። ይህኛው ግን ንጹሕ ነው።

"ዋናውስ?" አልሁት።

"እሱማ ቆሻሻ ነው። ንጹሑ ለእርስዎ ይሁን፤ ቆሻሻውን እኔ ለመታሰቢያ ልያዘው።"

ያረጀ ጋቢ ወስዶ አዲስ እንደ ሰጠኝ ቆጠርሁት። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ምን ያውቃል! እጄን ዘርግቼ መረቅሁት።

ከዚያ ወዲያ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ በክቡ ውስጥ ያለውን ለማንበብ ብቻ ነው። መጀመሪያ የለየሁት የበቅሎ ነጂውን ንግግር ነው። የእኔን ፊት ይዞ፣ ልጁን መንገድ ዳር ቆሞ ሲጠብቅ፣ "ምነው ዘገየህ?" ይላል። መጽሐፉን ከድኜ ደጅ ወጣሁ።

አንድ ቀን ስንታየሁ ሊጠይቀኝ መጣ። ያንን ገጽ አነበብሁለት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ።

"አያ ደሴ፣ ሰማያዊው የለበትም እኮ።"

"የምን ሰማያዊ?"

ነገረኝ። ይርጋ መጀመሪያ በቀጭን ሰማያዊ እርሳስ ይነድፋል፤ ከላይ በጥቁር ቀለም ያጠነክረዋል። ሰማያዊውን ግን የኮፒ ማሽን አያነሣውም።

"እዚህ ገጽ ላይ መጀመሪያ የሣለዎት እየሣቁ ነው። በጥቁሩ ሲመጣ አፍዎን ገጠመው። 'አባዬ ሣቀ ብል ማን ያምነኛል?' ብሎ አሣቀኝ።"

መቼ ስሥቅ አይቶኝ ይሆን? እኔ አላስታውስም። እሱ አስታውሶ ነበር።

ስንታየሁ የገበያውንም ነገር አጫወተኝ። ዛሬ የእጅ ሥራ የሆነውን ዋናውን ገጽ የሚሰበስቡ ሰዎች በስልክ ይሻሙበታል አሉ፤ ያ ብሩሽ ይጠረግበት የነበረው ወረቀት በባጃጅ ዋጋ ይሄዳል። እርሳሱና እድፉ ካለበት ደግሞ የበለጠ ይወደዳል፤ የሰው እጅ እንደ ነካው ይመሰክራላ! ሙሉቀን ይህን ቀድሞ ያውቅ ነበር። አብዛኛውን ሸጦታል።

ሱቁ ሄድሁ። ዋናውን መልስ ብለው አልሰማ ሲለኝ ሽማግሌ ላክሁበት። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀመጥን።

"መርቀው ሰጥተውኝ የለም ወይ?" አለ ሙሉቀን።

"መርቄያለሁ። ምርቃቴንም መልስ!"

"ኧረ አያ ደሴ፣ ምርቃት በምን ጆንያ ይመለሳል?" አለ አንዱ ሽማግሌ። ሰው ሣቀ። እኔ አልሣቅሁም።

ሙሉቀን ብር ልስጥ አለ።

"ብርህን ብላው። በቅሎ ነጂው ያለበትን ገጽ አምጣ። ሌላ አልፈልግም።"

ይከራከራል ብዬ ስጠብቅ "እሺ" አለ። ቶሎ እሺ ማለቱ ደስ አላለኝም።

በቀጠሮው ቀን አመጣው። ስንታየሁ ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዞረው፤ ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ጥቁሩ መስመር አለ፤ ከሥሩ ግን ገጹ ነጭ ነው። ሙሉቀን ለአንድ ፈረንጅ ሊሸጠው ሲል፣ ቢጸዳ ይበልጥ ያወጣልኛል ብሎ ሰማያዊውን በላጲስ ፍቆታል። ፈረንጁ ሲያየው ተበላሽቷል ብሎ መለሰለት። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀውም።

ልጄ የተመለሰልኝ ዋጋው ሲወድቅ ነው።

"በሉ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ" አሉን። ለሽማግሌዎቹ ስል ጉንጩን ሳምሁት። ዛሬም መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም እለዋለሁ፤ ልቤ ግን ሰላም አላለውም።

ገጹን ከመስኮቱ አጠገብ ሰቅየዋለሁ። ስንታየሁ እርሳሱ የተጫነበት ቦታ ጎድጎድ ብሎ ቀርቷል፣ በጣት ይታወቃል ይላል። ጠዋት ጠዋት አፉ ላይ ጣቴን አሳልፋለሁ። የእኔ ጣት የሞፈር ጣት ነው፤ ምንም አይለይም።

ሽማግሌዎቹ "ነገሩ አለቀ" ብለው የተነሡት ባለፈው ዓመት ጥር ሃያ አንድ፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት ነው።