ጠብታ የማያሳልፈው መታጠቂያ

ሚሊሜትር የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። በስፌት ቤቱ ውስጥ ሌላው ሰፊ «እዚህ ጋ ትንሽ ያዝ ላድርገው» ሲል እሷ «ሦስት ሚሊሜትር» ትላለች፤ ቢለካም ሦስት ሚሊሜትር ሆኖ ይገኛል። እሷ የሰፋችው ቬሎ ሙሽራዋ ላይ ልክክ ነው የሚለው። ሜትሩ ከአንገቷ አይወርድም። እናቷ አንድ ቀን «ይዘሽው ነው እንዴ የምትተኚው?» ብለው ሲጠይቋት ባሏ ከኋላ ሆኖ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

እንግዲህ ይህችው ሴት ናት ጤና ጣቢያው ውስጥ ሚዛን ፊት ቆማ ዓይኗን ማመን ያቃታት።

ልጇ ሁለት ወር ተኩል ሆኗታል። ከሦስት ሳምንት በፊት አራት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ነበረች። ዛሬ አራት ኪሎ ከአንድ መቶ ሃምሳ።

«ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆናል» አለች።

ሁሉም ሲስተር የሚሏቸው ፀጉራቸው የሸበተ ነርስ ልጅቷን አነሱ፣ ሚዛኑን ዜሮ ላይ አደረጉ፣ መልሰው አስተኟት። ያው ነው። ሚሊሜትር የዕድሜዋን ግማሽ በቁጥር አምና የኖረች ሴት ናትና ይኼኛውንም አለማመን አልቻለችም።

መጀመሪያ ላይ እኮ ወተት ሞልቶ ተርፏት ነበር። ጡቷ ያጋታል፣ ልጅቷ ትን እስኪላት ትጠባለች። በስድስተኛው ሳምንት የሠርግ ወቅት ደረሰና ወደ ሥራ ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህ ወተቱ በየቀኑ ይቀንስ ጀመር። ምክር የማይሰጥ ጎረቤት ጠፋ። አንዷ ሾርባ አለች፣ ሌላዋ አጃ፣ ሦስተኛዋ ትኩስ ወተት። ሚሊሜትር ሁሉንም ጠጣች፤ ሆዷ በርሜል እስኪሆን ጠጣች። የአውቶቡስ ሹፌር የሆነው ባሏ ደግሞ ከሥራ በገባ ቁጥር ገና በሩ ላይ «መጣ?» ይላታል፣ የዘገየ ተሳፋሪ የሚጠብቅ ይመስል። አልመጣም።

«እስቲ አጥቢያት፣ ልይሽ» አሉ ሲስተር።

የሸሚዟን ቁልፎች ፈታች። የሲስተር እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ሚሊሜትር ያን ሁሉ ጭንቀቷን ረስታ ፈገግ አለች። ምን ታድርግ፣ የእጇ ሥራ ነው። ከብብት እስከ ጎድን የሚደርስ ድርብ ጥጥ፣ መሀሉ ላይ ወፍራም ገበር፣ ከፊት ስድስት ማያያዣ። «እኔው ነኝ የሰፋሁት። መታጠቂያ ነው። ሥራ ላይ ወተት እየፈሰሰ የሰው ቬሎ እንዳያበላሽ ነው። አንዲት ጠብታ አያሳልፍም! ከልኬ ሁለት ጣት አጥብቤ ነው የቆረጥኩት።»

«ስንት ሰዓት ትታጠቂዋለሽ?»

«ጠዋት ስገባ አጠልቀዋለሁ፣ ማታ ስወጣ አወልቀዋለሁ። በመሀል ምሳ ሰዓት ላይ እማዬ ልጅቷን ስታመጣልኝ እፈታዋለሁ፤ አንዴ ብቻ።»

ሲስተር ወንበር ስበው ተቀመጡ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «የኔ ልጅ፣ እኔ ሥራ ስጀምር፣ ልጇ ሞቶባት ወተቷ አልነጥፍ ያላት እናት ስትመጣ ምን እናደርግ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ደረቷን በጨርቅ ጠፍረን እናስር ነበር። ወተቱ እንዲነጥፍ! ጡት እያሳበጠ ስላስቸገረ አሁን እሱንም ትተነዋል። ያንቺ ግን የኛን ያስንቃል።»

የልጅ መሞት የሚለው ቃልና ያ በፍቅር የተሰፋ ጨርቅ በአንድ አፍ፣ በአንድ ትንፋሽ ሲነገሩ ምን ይባላል? ሚሊሜትር ማያያዣዎቹን ከላይ ጀምራ መፍታት ያዘች። ሲስተር ከታች በኩል አገዟት።

«ጡት ወተቱ ሲወጣለት ነው የሚሠራው» አሉ እየፈቱ። «ልጅ ሲጠባው ወይም በእጅ ሲታለብ ይሠራል። ታፍኖ ሲውል ደግሞ ፈላጊ የለኝም ብሎ ይተወዋል። አንቺ ከላይ ሾርባ ትጨምሪያለሽ፣ ከታች ቧንቧውን ዘግተሻል።»

ከዚያ አንድ በአንድ ነገሯት። መታጠቂያው ዛሬውኑ ይቅር። ልጅቷ በጠየቀች ቁጥር፣ ቀንም ሌሊትም፣ ከሁለቱም ጡት ትጥባ። የጡቱን ጫፍ ብቻ ሳይሆን አፏን ሞልታ ትያዝ። ገላ ለገላ ተጣብቃ ትዋል። ሥራ ቦታ ደግሞ በየሦስት ሰዓቱ እጅ ታጥቦ ይታለብ፤ የታለበውን አያት በኩባያ ይስጧት። በሳምንቱ ለሚዛን ትመለስ። ሚሊሜትር ራሷን እየነቀነቀች ሰማች፤ ግማሹ ሐሳቧ ግን ሌላ ቦታ ነበር። እንዲህ ያለ መታጠቂያ መጀመሪያ የሰፋችው ለራሷ አልነበረማ።

ስፌት ቤቱ ውስጥ ካውያ ላይ የምትሠራ አንዲት ሴት አለች። እንፋሎት ነው የሚሏት፤ ቶሎ ስለምትፈላ። ደንበኛ ከተናገራት ትመልሳለች፣ አለቃ ከተናገራት ትመልሳለች፣ ሬዲዮ እንኳ ሲያወራ ትመልስለታለች። ካቻምና ወልዳ ስትመለስ የሌላ ሰው ሕፃን ሲያለቅስ ሰምታ ወተቷ ዱብ ዱብ አለና ነጭ ሳቲን ላይ ፈሰሰ። ያኔ ነው ሚሊሜትር ለክታ፣ ቆርጣ፣ ሰፍታ የሰጠቻት። በስጦታ! ሁለት ወር ሳይሞላ የእንፋሎት ጡት ነጠፈ፤ ልጁ በጡጦ አደገ። ከዚያ ወዲህ አማቷ እንግዳ በመጣ ቁጥር «የኛ ምራት እኮ ደረቅ ናት» ይላሉ። ለሬዲዮ መልስ የማታጣው ሴት ለዚህ ቃል ብቻ መልሳ አታውቅም። ሚሊሜትር ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርማት ነበር።

በማግስቱ ሥራ ስትገባ ልትነግራት ነበር። አልነገረቻትም። ፈራች፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ለራሷ «እስኪረጋገጥ ልጠብቅ» አለች፣ እውነት ማረጋገጫ የጎደላት ይመስል። ሸሚዟ ውስጥ አጥፋ የሰፋቻቸውን የጥጥ ጨርቆች አደረገች፤ ሲርሱ ትቀይራለች፣ አለቀ። በየሦስት ሰዓቱ የጨርቅ ማስቀመጫ ክፍል ገብታ፣ በጥቅልሎቹ መሀል ተቀምጣ ታልባለች። የመጀመሪያ ቀን የኩባያው ወለል እንኳ አልተሸፈነም፤ አለቀሰች። በአራተኛው ቀን ልጅቷ ስትጠባ የምትውጥበት ድምፅ ተሰማት፤ ያኔም አለቀሰች።

በሳምንቱ ሚዛኑ ላይ የወጣው አራት ኪሎ ከሦስት መቶ ሰማንያ ነበር። ሲስተር አጨበጨቡ። ሚሊሜትር መጀመሪያ ዘለለች፣ ቀጥሎ እንፋሎት ትዝ አለቻት። አሁን ተረጋግጧል። የጠበቀችው ይኼንን አልነበር?

ከጤና ጣቢያው በቀጥታ ስፌት ቤት ስትደርስ እንፋሎት ካውያዋን ይዛ ነበር። የስምንት ወር እርጉዝ ናት፤ ሆዷ ከጠረጴዛው ስላራቃት እጇን ዘርግታ ነው የምትተኩሰው።

«ሚሊሜትር! ያቺ መታጠቂያዬ እኮ ላላች። አጥቤ፣ ተኩሼ ነበር ያስቀመጥኳት። ሌላ ስፊልኝ እንጂ፤ በወር ውስጥ ልወልድ ነው። ደግሞ አጥብቀሽ!»

ሚሊሜትር ነገረቻት። አላሳመረችውም፤ ሲስተር እንደነገሯት፣ ልጇ የሞተባትን እናት ጭምር፣ እንዳለ ነገረቻት። «ያነጠፍኩብሽ እኔ ነኝ። ከሳምንት በፊት አውቄ ዝም አልኩሽ» ብላ ጨረሰች።

ጩኸት ጠብቃ ነበር። ካውያው ሲወረወርባት ሁሉ ታይቷት ነበር። ግን በዘጠኝ ዓመት አንድ ክር አቃጥላ የማታውቀው ሴት ካውያውን የምትተኩሰው ልብስ እጅጌ ላይ እንዳስቀመጠች ፈዝዛ ቀረች፤ ጨርቁ መሽተት ሲጀምር ያነሳችው ሚሊሜትር ናት።

«ታዲያ ደረቅ አልነበርኩም?» አለች እንፋሎት በመጨረሻ።

«አልነበርሽም።»

«ከሥራ ስንወጣ እኔ ቤት ትመጫለሽ። ይኼንኑ አማቴ ፊት ትደግሚልኛለሽ።»

አማትየው ትልቁን ልጅ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ካልሲ እያለበሱ ነበር። ሚሊሜትር ቁጭ በይ ብትባልም አልተቀመጠችም። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ በእጇ ጠቅልላ ይዛ፣ ከሳቲኑ ጀምራ እስከ ዛሬው ሚዛን ድረስ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ልጁን ቀስ ብለው መሬት አወረዱትና ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«ይኼን ሁሉ ጊዜ ሰው ፊት ደረቅ እያልኩ ስሰድብሽ፣ ለሁሉም መልስ ያለሽ ሴት፣ ለምን አንድ ቀን አልመለስሽልኝም?»

እንፋሎት ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች።

«እውነት መስሎኝ ነዋ፣ እማማ።»