መምሬ ከሱ

አባቴ ቄስ ናቸው። ከዓመቱ ቀናት የሚበዙትን ይጾማሉ፤ ለሆዳቸው ግን ይህን የነገረው ሰው ያለ አይመስልም። በር ላይ መጀመሪያ ብቅ የሚለው እሱ ነው፤ መስቀሉ ይከተላል፤ አባቴ በመጨረሻ ይደርሳሉ። እናቴ በዚህ ሆድ ትኮራ ነበር። «ቄስ ባል ከከሳ ሰው የሚያማው ሚስትየዋን ነው» ትላለች፤ እንዳትታማም በርትታ ትሠራ ነበር።

አምና ጥቅምት ላይ ታዲያ አባቴን ውሃ ጥም ያዛቸው። ቢጠጡ ቢጠጡ አይረኩም። ድካም ድካም ይላቸዋል። ማኅሌት ላይ መቋሚያውን የሚደገፉት እንደ ዘማሪ መሆኑ ቀርቶ ግድግዳ እንዳጣ ሰው ሆነ። ሐኪም ቤት ይዣቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። የትምህርት ቤታችን ጤና ክበብ አባል ስለሆንኩ፣ በቤታችን ሐሳብ ግማሽ ሐኪም ነኝ።

ሙሉው ሐኪም ወጣት ነው። መጀመሪያ ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ፤ ከዚያ ተቀምጦ መቆጣት ጀመረ።

«አባ፣ ስኳርዎ ከፍ ብሏል። ለጊዜው መድኃኒት አልጀምርልዎትም። ክብደት ይቀንሱና ዐቢይ ጾም ሳይገባ ይመለሱ፣ እናየዋለን።»

«እንዴት አድርጌ ልቀንሰው ልጄ?»

«ምግብ ቀነስ፣ እንቅስቃሴ ጨመር ነው። ስኳር፣ ዘይት፣ ጠላ መተው ነው። ከቻሉ ደግሞ አንዳንድ ቀን ጾም ቢጤ…» አለና የተናገረውን ራሱ ሰማው። ወደ ወረቀቱ አጎነበሰ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

«ካልቀነስኩስ?» አሉ አባቴ።

«ክኒን እንጀምራለን። ጠዋትና ማታ፣ ምግብ በልተው የሚወስዱት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ሳይበሉ መዋል የለም።»

አባቴ መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። ሐኪሙ ያልገባው ነገር ለእኔ ገብቶኛል። የሚቀድስ ቄስ ከዋዜማው ጀምሮ እህል ውሃ አይቀምስም። ቁርስ የበላ ቄስ መቅደስ አይገባም፤ እንደ ማንኛውም ምእመን ውጭ ቆሞ ያስቀድሳል። አባቴ በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ወርደው፣ ለምነው በልተው የተማሩት አንድ ሥራ ቢኖር ይኸው ነው። ሌላ ሥራ አያውቁም፤ ማወቅም አይፈልጉም።

ስንወጣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስለ ክኒኑ ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ስኳር ነው ብለሽ ተዪው» አሉኝ።

«ለምን አባባ?»

«ታለቅሳለቻ! ስታለቅስ ደግሞ ታበላኛለች።»

ሥራዬን በማግሥቱ ጀመርኩ። በክበባችን የተማርነው ሳህን ለሦስት ይከፈላል፤ ግማሹ ለአትክልት፣ ሩቡ ለእህል፣ ሩቡ ለጥራጥሬ ነው። ችግሩ እኛ ሳህን የለንም። ሁላችንም የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። እንግዲህ ትሪው ላይ በተዘረጋው እንጀራ በጣቴ መስመር አሰመርኩና «ይህ የአባባ ነው፣ ከዚህ አያልፉም» አልኩ።

እናቴ አየችኝ። «የእርሻ ድንበር ነው የምትለኪው? ካህን ፊት እንጀራ በጣት ይሰነጠቃል?»

አባቴ ግን ታዛዥ ናቸው፤ ከመስመሯ አላለፉም። ያለፈችው እናቴ ናት። ከራሷ ጠቅልላ አጎረሰቻቸው። ስቆጣ «ጉርሻው ከሳቸው በኩል አልተነሣም፣ አይቆጠርም» አለችኝ። ደገመቻቸው። «አንድማ ያጣላል» አለች። የሳይንስ መጽሐፌ ለዚህ መልስ የለውም።

የገና ጾም ሲገባ ተስፋ አደረግሁ። ሞኝ ነበርኩ! ጾም የሚያወፍር መሆኑን እዚህ አገር ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይበላም፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚበላው ግን ለዋለው ረኀብ ካሣ ነው። ሽሮው ዘይት ላይ ይዋኛል። ድንቹ፣ ዳቦው፣ በሶው ይከተላል። ሻዩ ስኳሩን ማሟሟት አቅቶት ከታች ያስቀረዋል። ሥጋና ቅቤ የለበትም እንጂ ትንሽ ነው ያለ የለም። በዚያ ላይ ተዝካር አለ። ቄስ ጥሩ አድርጎ ካልበላ የሟች ነፍስ የምታዝን ይመስል፣ ቤተሰቡ ከበው ቆመው ያስበላሉ።

ስለዚህ መራመድ ይቅደም አልን። ሐኪሙ ያለው በየቀኑ ፈጠን ፈጠን ብሎ መሄድ ነው። ደብረ ማርቆስ አስፋልት ላይ ቄስ ፈጠን ብሎ የሚሄደው ግን ሰው ሊሞት ሲል ብቻ ነው። ገና ከሰፈራችን ሳንወጣ አንዲት ሴት ነጠላዋን እያጣፋች ሮጣ ደረሰችብን።

«ማን አረፈ መምሬ?»

«ማንም አላረፈ ልጄ።»

«ታዲያ ምን ያስሮጠዎታል?»

«ለጤና ነው።»

«ውይ፣ አሞዎታል ማለት ነው!» ብላ መስቀል ተሳለመች። እሷን አይታ ሌላዋ መጣች። ጫማ ጠጋኙ ተነሣ። አንድ ባለባጃጅ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ግንባሩን አውጥቶ ተሳለመ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ደግሞ «ደጄን ረግጠው ሊያልፉ ነው?» ተባልን። ገባን። ዳቦ ተቆረሰ፤ ጠላ ተቀዳ፤ አባቴ ባረኩ፤ የባረኩትን አለመቅመስ ደግሞ ነውር ነው። ቤት የተመለስነው ከሄድንበት የበለጠ ከብደን ነው።

ከዚያ ወዲያ ጎሕ ሲቀድ ከከተማው ወጥተን በባሕር ዛፉ መሐል ባለው ዳገት መሄድ ጀመርን። የኅዳር ብርድ ሰው አያስወጣም፤ ሰው ከሌለ ደግሞ ዳቦ የለም። አባቴ ዳዊት በቃላቸው እየደገሙ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ሰሞን ዳገቱ ላይ ቃሉ ይቆራረጥባቸው ነበር። ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ሲጀምሩ ፊታቸው ኮሶ የጠጣ ሰው ፊት ሆነ፤ ግን ጠጡ። ተዝካር ላይ ጎመኑን ወደ ራሳቸው ጠጋ፣ እንጀራውን ወደ ጎረቤት ገፋ ማድረግ ለመዱ። ታኅሣሥ ሲጋመስ ዳገቱን ሳያርፉ ወጡት። ገና ሲደርስ ቀሚሳቸው ሰፍቶ መታጠቂያው ዙሪያቸውን ደርሶ ተረፈ። እኔ ዓለም የኔ ሆነች! በክበቡ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ፤ ተጨበጨበልኝ።

ይህን ያየሁት ግን እኔ ብቻ አልነበርኩም። የገና ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ «መምሬ ከሱ» ተባለ። በሳምንቱ «መምሬን አሟቸዋል» ሆነ። ጥምቀት ሲደርስ ወሬው ጉንደ ወይን ገብቶ «መምሬ አዲስ አበባ ሊወሰዱ ነው» ብሎ ተመለሰ።

አባቴ የብዙ ቤት የንስሐ አባት ናቸው። የታመመ ጠይቁ እያሉ ሲያስተምሩ የኖሩትም ራሳቸው ናቸው። ያስተማሩት ያን ጥር አፈራ። የንስሐ ልጆቻቸው ተራ በተራ መጡ፤ ባዶ እጁን የመጣ አንድም የለም። ድፎ ዳቦ መጣ። ዶሮ ወጥ ከነድስቱ መጣ። ማር መጣ፣ ቅቤ መጣ። በሽታው ስኳር መሆኑን ሰምተው ያዘኑ ደግሞ ለስላሳ በሳጥን ይዘው መጡ። እናቴ ከበር ትቀበላለች፤ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ምን አደከማችሁ» ትላለች፤ ዞራ ታቀርባለች። እኔ በመሐል የጤና ትምህርት እሰጣለሁ፤ የሚሰማኝ ግን የለም።

ከሁሉ የባሱት ከይጁቤ በሚኒባስ የመጡት አሮጊት ናቸው። ዶሮ ታቅፈው ገቡ። ልጆቻቸውን ሁሉ ያጠመቁላቸው አባቴ ናቸው።

«ደህና ነኝ እኮ እናቴ» አሏቸው አባቴ።

«ደህና ነኝ የሚል በሽተኛ ነው የሚፈራ።»

«ሐኪሙ ነው ክሳ ያለኝ።»

«ክሳ? ክሳ ብሎ የሚራገም ምን ያለ ሐኪም ነው!»

«እማማ፣ ስብና ስኳር እኮ…» ብዬ ልገባ ስል፣ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «አንቺ ዝም በይ። አንቺም ከስተሻል።»

ዶሮው በዚያው ቀን ታረደ። አሮጊቷም እስኪበላ ሰነበቱ።

ጥር ሲያልቅ ቀሚሱ እንደ ቀድሞው ሞላ። በጠዋት ዳገቱ ላይ ዳዊቱ መሐል መሐሉ ላይ መቆረጥ ጀመረ። ቀጠሮው ቀርቧል። አንድ ቀን አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«አባባ፣ ለምን አሻፈረኝ አይሉም?» አልኳቸው።

«ሰው በፍቅር የሰጠኝን እንዴት ልመልስ?» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ታውቂያለሽ፣ ከዋዜማ ጀምሬ ባዶ ሆዴን መቅደስ ስገባ እዚያ ውስጥ ርቦኝ አያውቅም። የሚርበኝ ስወጣ ነው» አሉኝ።

እኔም በዚያ ቀን የጤና ትምህርት አልሰጠሁም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን እንደገና ሞላ። የይጁቤዋ አሮጊት ተመልሰው መጥተዋል። ከትሪው ላይ ጠቀለሉ፤ እንዴት ያለ ጉርሻ ነበር! ወጡ በክንዳቸው እየወረደ ወደ አባቴ አፍ አስጠጉት።

«በሞቴ መምሬ!»

አባቴ ጉርሻውን አዩት። ቤቱን የሞላውን ሰው አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ይህን ከጎረስኩ እናቴ፣ ቅዳሴ የለኝም። ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት በልቼ የምውጠው ክኒን ያዝልኛል። እናንተ ጋ፣ ከመቅደሱ ውጭ ቆሜ ነው የምታገኙኝ።»

እናቴ ወጥ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«ስኳር ብቻ አይደለም ወይ ያሉኝ?»

«ስኳሩማ ስኳር ነው…»

«ቅዳሴ ሊቀርብዎት ነው እያሉኝ ነው? እኔ በእጄ እያጎረስኩ?» እንባዋ መጣ። አባቴ እንደፈሩት አለቀሰች፤ ያልጠበቁት ግን ይህ ነው፣ የያዘችውን ወጥ ይዛ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

የአሮጊቷ እጅ አሁንም አየር ላይ ነው። ጉርሻ ወደ ትሪ አይመለስም፤ ወደ አባቴ አፍም አይሄድም። በመጨረሻ ራሳቸው ጎረሱት። አላምጠው እስኪጨርሱ ሁላችንም ጠበቅናቸው።

«ከዛሬ ጀምሮ» አሉ፣ «መምሬን ያጎረሰ ውግዝ ይሁን!»

«እናቴ፣ ማውገዝ የኔ ሥራ ነው።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ? ያውግዙዋ!»

አባቴ ሳቁ። አላወገዙም፤ ግን ሁሉም እንዳወገዙ ቆጠረው። ከዚያ ቀን ወዲያ ቤታችን የመጣው ምግብ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ወዳለው የቆሎ ተማሪዎች ጎጆ ሄደ። ተማሪዎቹ ለጥቂት ቀን ፊታቸው በራ፤ ከዚያ እየመጡ «መምሬ እንዴት ናቸው? አልተሻላቸውም አይደል?» እያሉ በተስፋ ይጠይቁን ጀመር።

እኔ ለወራት ያልተሳካልኝን፣ «መምሬ ቅዳሴ ሊቀርባቸው ነው» የምትል አንዲት ወሬ በሳምንት ሠራችው። መንገድ ላይ «ይግቡ» የሚላቸው ጠፋ፤ እንዲያውም ፈጠን ካላሉ «ምነው መምሬ፣ ዛሬ ቀዘቀዙ» ይባላሉ። የካቲት ላይ ሰርግ ተጠራን። ዳሱ ውስጥ ለካህናቱ ሥጋው ሲቀርብ፣ አባቴ ፊት ጎመንና ግማሽ እንጀራ ተቀመጠ። አሳላፊውን በዐይናቸው ጠሩት።

«ልጄ፣ ትንሽ… ከዚያ ከወጡ ብቻ…»

አሳላፊው ጎንበስ ብሎ መስቀል ተሳለመ። «ታዝዣለሁ መምሬ፣ ይፍቱኝ» አለና ሄደ።

አጠገባቸው የተቀመጡት ቄስ አዘኑላቸውና አንዲት ጥብስ ወደ ጎመኑ ሥር ሸጎጥ አደረጉ። ከዳሱ ማዶ አንድ ሳል ተሰማ። ጉንፋን አልነበረም። ሥጋዋ ተመለሰች። አባቴ ወደ እናቴ ዞረው «እኔ ነኝ የነሱ አባት ወይስ እነሱ የኔ?» አሉ። እናቴ ግን ለጎረቤቷ ሴት «እንዴት አድርጌ እንዳከሳኋቸው አየሽ?» ስትል ነበር።

የቀጠሯችን ቀን ሐኪሙ ደሙን አየ፤ ሚዛኑን አየ፤ አባቴን አየ።

«አባ፣ ወርዷል! ክኒኑ ለጊዜው ይቅር። በዚሁ ይቀጥሉ፣ ክትትሉን ግን እንዳይተዉ። እንዴት አደረጉት?»

«ቀኖና ተሰጠኝ።»

«ማን ሰጠዎት?»

«የንስሐ ልጆቼ።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም የጤና ክበብ አባል እንደመሆኔ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ሳቅ አላስጨርስ አለኝ።

በቀጣዩ እሑድ አባቴ ቀደሱ። ሲወጡ ሰዉ እንደወትሮው ተሰልፎ ጠበቃቸው፤ አሁን ግን መስቀሉን ከመሳለሙ በፊት ወገባቸውን ያያል። ተራው የይጁቤዋ አሮጊት ሲደርስ፣ ከላይ እስከ ታች መረመሯቸው።

«ደህና ነው» አሉ። ከዚያ ጠጋ ብለው «ግን ትናንት ከሰዓት ማን ቤት ነበሩ?» ሲሉ ጠየቁ።

አባቴ መስቀሉን አሮጊቷ ግንባር ላይ አደረጉላቸው፤ ከወትሮውም ትንሽ ጠበቅ አድርገው።